የምንሽሩ ልክ

ኮምቦልቻ፣ ሮብ ቀን፣ መብራት ሄዶ መጥቶ፣
ሙሄ ይማም ገባ
አንድ ረዥም ነገር በጆንያ ከቶ።
ከወረባቦ ነው፤ ከቢስቲማ ማልዶ፣
ባሸዋ አይሱዙ ከሾፌር ተዛምዶ።

«አንቺ ነሽ» አለኝ፣ «ብረት የምታነቢ፣
በኮምፒውተር አዘሽ ብረት የምትጠርቢ?»
«እኔ ነኝ።»
እጄን በጨርቅ ጠርጌ ቶርኖውን አቆምሁት፤
ጆንያው ሲፈታ የወጣውን አየሁት።

ምንሽር።
ያ የድሮ ምንሽር፣ ሰደፉ በላብ የጠቆረ፣
አፈሙዙ ከኔ ዕድሜ ሦስት እጥፍ የኖረ።
ቃታውን ስስበው ኮሽ እንኳ አላለም፤
በቅቤ ያለፈ ጣት እንጂ ብረት አይመስልም።
ጥፍሩ ግን ተሰብሯል፣
ቀለህ የሚመዘው፤
ስባሪውን ሙሄ በመሐረብ ጫፍ
እንደ ልጅ ጥርስ ያዘው።

«ደሴ ፈለግሁለት፣ ወልድያም አጣሁ፣
መርሳ አንድ ሽማግሌ ‹የለም› ብሎኝ መጣሁ።
ፋብሪካው ተዘግቷል፤ የሠሩት አፈር ናቸው፤
አንቺ ያጣሽው ምንድነው፣ እነሱስ ምን ነበራቸው?
ጥፍሩን ተይው በቃ፣ ሙሉውን ሥሪልኝ፣
ካፈሙዝ እስከ ሰደፍ እንደ አዲስ ውለጅልኝ።»

«ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ይህ ማረሻ አይደለም።»
«ፈቃዱን ለኔ ተይው፤
ይቻላል ወይ ነው ያልሁሽ፣ ሌላ ነገር የለም።»

ይቻላል።
የዛሬው ብረት ከያኔው የጠራ ነው፤
ሚሊ ሜትርን ለሺህ የሚቆርስ መለኪያ እጄ ላይ ነው።
ሁለት ቀን ለካሁት። እየለካሁ ጻፍሁ፤
ዓርብ ከሰዓት አንድ ቁጥር የተሳሳትሁ መስሎኝ ሰርዤ አለፍሁ፤
ደግሜ ለካሁት። ያው ነው።
የፊቱ ማነጣጠሪያ በፀጉር ስፋት ወደ ግራ ሄዷል፤
ሰደፉም ጉንጭ ማረፊያው ላይ
አውራ ጣት እስኪያስተኛ ጎድጉዷል።

ሙሄ እህቱ ቤት ሰንብቶ ሲመጣ ጠየቅሁት።
«ያባቴ ሞረድ ነው» አለ፣ «ያንድ ሌሊት ሥራው፤
ባውድማ ገለባ ቀኝ ዓይኑን ቢያጠፋው፣
ብረቱን ለግራው ሞረደው፣ ዓይኑ እስኪግባባው።
ከዚያ ወዲያ ከርከሮ ማሽላችንን አልቀመሰ፤
እሱም ማማው ላይ አደረ፣
ጉንጩን እንጨቱ ላይ እንደተንተራሰ።
አርባ ዓመት።»

እንግዲህ የትኛውን ልሥራ?
ከፋብሪካው በወጣ ዕለት የነበረውን?
ንድፉ የት አለና! በግምት ልሙላው?
ወይስ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ የተጋደመውን?
ማሽኑ ታዛዥ ነው፤ ጎድጓዳውንም ይቀዳል፣
ለተቀበረ ጉንጭ ትራስ ያሰናዳል፣
ለጠፋ ዓይን ብሎ ብረት ያጣምማል።

ይህን ስነግረው መልስ አልሰጠኝም።
ጠመንጃውን አነሣ። ጉንጩን አስጠጋ።
አንገቱን ቀለሰ፣ ቀና አለ፣ ደገመ፤
አጥንቱ ከጎድጓዳው አንዴም አልገጠመ።
ለካ ሙሄ እናቱን ነው የሚመስለው።

«ጥፍሩን ብቻ ሥሪልኝ» አለ።

አርባ ደቂቃ ፈጀ። ባዶ ቀለህ አጉርሶ ሳበው፤
ተስፈንጥሮ ሲሚንቶው ላይ ሦስቴ ሲነጥር ሰማነው።
ሂሳቡን ከፈለ፤ ጆንያውን ጠቀለለ፤
ከደጅ ባጃጅ አስቁሞ
«አላህ እጅሽን ይባርክ» አለ።

ፋይሉ አሁንም አለ፤ አላጠፋሁትም።
ማነጣጠሪያውን ወደ መሐል መልሼ፣
የሰደፉን ጎድጓዳ ሞልቼ፣ ደልድዬ፣
ስሙን «ሙሄ» ብዬ
ባስቀምጠውም፣ ማታ ማታ ስከፍተው ያስቸግረኛል፤
እንጨቱ ልስልስ ብሎ ማንንም የማያውቅ ይመስለኛል።

ለቅዳሜ ሁለት መቶ የወፍጮ ጥርስ ታዟል።
መብራቱ እንደገና ሄዷል።